በዓልና የመጠጥ ሱስ፦ የቤተሰብ ሥርዓት ስለሚዋጥበትና ስለሚጸናበት ሁኔታ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሚኖሩ ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ የበዓል መቅረብ ከቀን መቁጠሪያው አስቀድሞ በመዓዛ ይታወቃል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ ብቅሉ ይፈጫል፤ ጥንስሱም ይጠነሰሳል። ለአብዛኛው ሰው ይህ መዓዛ የደስታ ምልክት ነው። በመጠጥ ሱስ የተያዘ ሰው ባለበት ቤት ግን ያው መዓዛ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ጠላውን የምትጠነስሰው ሚስት እጇ ሥራውን ሲሠራ ልቧ የሚያስበው ባለፈው መስቀል የሆነውን፣ ባለፈው ገና የተቀየመውን ዘመድ ነው። ልጆቹም አዲሱን ልብስ ሲለኩ የአባታቸውን ፊት ያያሉ። በዓሉ ለሁሉም እኩል ይመጣል፤ ለእነዚህ ቤቶች ግን በናፍቆትና በሥጋት መካከል ተከፍሎ ይመጣል።

ስለ ሱስ የሚደረገው ጥናት በአመዛኙ የሚያተኩረው በጠጪው ላይ ነው። ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ በምን እንደሚታከምና መቼ እንደሚያገረሽበት ይጠየቃል። ቤተሰቡ በዓሉን እንዴት እንደሚያሳልፈው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ሊሆን ይችላል፤ ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ የምርምር ርእስ አይመስሉም። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ በበዓሉ ቀን የሚያደርገውና የሚተወው ነገር የልጆቹን የወደፊት ዕጣ እስከ መንካት ሊደርስ እንደሚችል የሚያመለክት ማስረጃ ካለ ከ40 ዓመታት በላይ ሆኖታል።

የተዋጠ ሥርዓትና የቆመ ሥርዓት

እ.ኤ.አ. በ1980 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ስቲቨን ዎሊንና የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ ሊንዳ ቤኔት ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ አንድ ጥናት አሳተሙ። ከወላጆች አንዱ የአልኮል ሱስ የነበረበትን 25 ቤተሰቦች መርጠው፣ ወላጁ አብዝቶ ይጠጣ በነበረበት ዘመን የራት ሰዓቱ፣ በዓሉ፣ የዕረፍት ጊዜውና የእንግዳ አቀባበሉ ምን እንደ ደረሰበት ጠየቁ። በአንዳንዶቹ ቤቶች መጠጡ ሥርዓቱን ውጦት ነበር። የበዓሉ ምሳ ሰዓት የሚወሰነው ሰውየው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ታይቶ ነው፤ እንግዳ የሚጠራው ወይም የሚቀረው በእርሱ ሁኔታ ነው፤ ሰክሮ ሲመጣ ሁሉም ነገር ወደ እርሱ ይዞራል። በሌሎቹ ግን ሰውየው ጠጥቶም ሆነ ሳይጠጣ ሥርዓቱ ተለይቶ ቆሟል። ማዕዱ በሰዓቱ ይቀርባል፤ እርሱ ከተገኘ ይገኛል፤ ካልተገኘ ቦታው ባዶ ሆኖ በዓሉ ይቀጥላል።

የጥናቱ ውጤት ብዙዎችን ያነጋገረው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ሥርዓታቸው በመጠጥ በተበጠበጠባቸው ቤቶች ያደጉ ልጆች፣ ሥርዓታቸው ጸንቶ በቆየባቸው ቤቶች ካደጉት ይልቅ የመጠጥ ችግሩን ወደ ራሳቸው ትውልድ ይዘው የማለፍ ዝንባሌ ታየባቸው። እዚያው የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሌላ ሥራ ደግሞ ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ልጆች አድገው ሲያገቡ የራሳቸውን ቤት ሥርዓት አስበውና ተመካክረው የመሠረቱ እንደ ሆነ ከችግሩ የመጠበቅ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አመለከተ። ዎሊንና ቤኔት በ1984 የቤተሰብ ሥርዓትን በሦስት ከፍለውት ነበር፤ ኅብረተሰቡ በሙሉ የሚያከብራቸው በዓላት፣ ቤተሰቡ የራሱ ያደረጋቸው ልማዶችና የዕለት ተዕለት ድግግሞሾች ናቸው። በዓል ከሦስቱ በጣም የሚታየው ነው፤ ሲፈርስም ጎረቤት ሳይቀር ያያል።

እነዚህ ጥናቶች ጥንቃቄ ይሻሉ። የቤተሰቦቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ መረጃውም በአመዛኙ ካለፈ ዘመን ትዝታ የተሰበሰበ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንሥኤና ውጤቱን መለየት ያስቸግራል። ሥርዓቱ የቆመው ሕመሙ ቀለል ያለ ስለ ነበረ ይሆን? ወይስ ቆሞ በመገኘቱ ልጆቹን ጠበቃቸው? ጥናቱ ለዚህ የማያዳግም መልስ አይሰጥም። ሆኖም አንድ ነገር አስተምሯል፤ ቤተሰቡ ጠጪው እስኪድን ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ተመልካች እንዳልሆነና ሰውየው ገና እየጠጣ ሳለም ሊጠበቅ የሚችል ነገር በቤቱ ውስጥ እንዳለ።

ጠላው የበዓሉ እንግዳ አይደለም

ይህን ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚሞክር ተመራማሪ ወዲያው አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። የአሜሪካው ጥናት መጠጥን ከውጭ መጥቶ ሥርዓቱን እንደሚወር ነገር ይቆጥረዋል። በኢትዮጵያ በዓል ግን ጠላው የሥርዓቱ አካል ነው። ለጠበል ጻዲቅ የተጠራ ሰው ጠላውን ካልቀመሰ የዝክሩን በረከት እንዳቃለለ ሊቆጠርበት ይችላል። ሊባርክ የመጣ ካህን፣ ሊጠይቅ የመጣ የክርስትና ልጅ፣ ቅርጫ የተካፈለ ጎረቤት ሁሉ በዋንጫ ይስተናገዳል። እንግዲህ «ሥርዓቱን ጠብቁ፤ መጠጡን ለዩ» የሚለው ምክር ለብዙ ቤቶች «በዓሉን ጠብቁ፤ ግማሹን ግን ጣሉ» የሚል ሆኖ ይሰማል።

ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ግን ከዚህ ይለያል። በበዓሉ ውስጥ ሊለወጥ የማይችለውና ሊለወጥ የሚችለው አንድ አይደሉም። የፋሲካን በዓል ፋሲካ የሚያደርገው 55 ቀን ተጾሞ በሌሊቱ ቅዳሴ መፈጸሙ፣ ጾሙ በአንድነት መፈታቱ፣ ዳቦው ተባርኮ መቆረሱ ነው። በቅዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉት ቄጤማ፣ በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ይዘውት የሚዞሩት አደይ አበባ፣ በመስቀል ዋዜማ የሚለኮሰው ደመራ ከአልኮል ጋር የሚያያይዛቸው ነገር የለም። ጠላ የመስተንግዶው ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ ሊተረጎም ይችላል።

ለዚህ ትርጉም ባህሉ ራሱ አስቀድሞ ቦታ አዘጋጅቷል። በወሎና በሌሎችም ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ተጋብተውና ተጎራብተው በሚኖሩባቸው ቦታዎች፣ በዓል የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቱ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ለይቶ ያስቀምጣል። ያን የሚጠጣውን ሰው «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ እንደ ተናቀም አይሰማውም። የማይጠጣ የፕሮቴስታንት ዘመድም ለስላሳ ቀርቦለት ከማዕዱ ይቋደሳል። ስለዚህ የማይጠጣ ሰው በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ትናንት ይጠጣ የነበረና ዛሬ የተወ፣ ለመተዉም በይፋ የሚነገር ምክንያት የሌለው ሰው ነው። የቤተሰቡ ሥራ ለዚህ ሰው አስቀድሞ በክብር የተዘጋጀ ዋንጫ ማቅረብ ነው። (በነገራችን ላይ ቀሪቦና ብርዝ ሲሰነብቱ ይፈላሉ፤ ጥቂት አልኮልም ያበጃሉ። ከሱስ ለሚያገግም ሰው የሚቀርቡ ከሆነ ትኩስ መሆናቸውን ማረጋገጥ፣ አለዚያም ውኃ፣ ሻይ ወይም የተልባ መጠጥ መምረጥ ይገባል።)

«በሞቴ»

ስለ ማገርሸት የሚናገረው ሥነ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1985 አለን ማርላትና ጁዲት ጎርደን ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ ብዙ ይመሠረታል። ሁለቱ ጸሐፊዎች የተወውን ሰው ወደ መጠጡ የሚመልሱት አደገኛ ሁኔታዎች ሦስት መሆናቸውን አጉልተዋል፤ እነርሱም ክፉ ስሜት፣ ከሰው ጋር መጋጨትና ማኅበራዊ ግፊት ናቸው። በዓል ሦስቱን በአንድ ቀን ያመጣል። የሞተ ወላጅ ትዝ ይላል፤ ያላለቀ የርስት ጠብ ከወንድም ጋር በአንድ ገበታ ያስቀምጣል፤ ከዚያም «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ይመጣል።

«በሞቴ» በአማርኛ ተራ ግብዣ አይደለም። ጋባዡ የራሱን ሞት ዋስ አድርጎ የሚያቀርበው ልመና በመሆኑ እምቢ ማለት ጋባዡን እንደ መጥላት ይቆጠራል። የአውሮፓና የአሜሪካ ማኅበራዊ ሠራተኞች ለሕሙማን የሚያስተምሩት «አልፈልግም» የማለት ስልጠና እዚህ ላይ አቅም ያንሰዋል፤ ምክንያቱም አልፈልግም መባሉን ጋባዡ የሚሰማው እንደ ትሕትና ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳይለመን የተቀበለ እንግዳም ሥነ ሥርዓት እንደሚጎድለው ይታሰባል። እምቢታው ከእምቢተኛው አፍ ብቻ ሲወጣ አይሠራም። ይልቁንም ሌላ ሰው፣ በተለይም በዕድሜ የሚከበር፣ ከጋባዡ ቀድሞ «እሱን ተዉት፤ እኔ አውቃለሁ» ሲል ግፊቱ ይቆማል። አጎት፣ አክስት ወይም የንስሐ አባት ይህን ሚና አስቀድመው ቢቀበሉ ሰውየው ከራሱ ምላስ በላይ የሆነ ጠባቂ ያገኛል።

በምክንያቱ ላይ ሁለት ዓይነት አካሄድ ይታያል። አንዳንዶች «መድኃኒት ጀምሯል» ይላሉ። አባባሉ ለአንድ በዓል ያገለግላል፤ ለሚቀጥለው ግን ይደክማል፤ እውነቱ ካልሆነም ልጆቹን በውሸቱ ላይ ምስክር ያደርጋቸዋል። ሌላው አካሄድ ግዝት ነው። በንስሐ አባቱ ፊት «ዳግም አልጠጣም» ብሎ የተገዘተ ሰው ለማኅበረሰቡ የሚገባ ምክንያት አለው፤ ግዝቱን የሚያስፈርስ ጋባዥም ኃጢአቱን እንደሚካፈል ስለሚያውቅ ይመለሳል። የግዝት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ ማርላትና ጎርደን የገለጹት ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው «እንግዲህ ፈርሷል» ብሎ ራሱን ሙሉ በሙሉ ይለቅቃል፤ ከአንዲት ዋንጫ ይልቅ የሚጎዳውም ይህ ተስፋ መቁረጥ ነው። ግዝት የፈረሰበት ሰው በጸጸትና በፍርሃት ከካህኑም ከቤተሰቡም ሊሸሽ ይችላል። በመሆኑም ግዝቱን የሚቀበለው አባት የመመለሻውን መንገድ በዚያው ዕለት ቢነግረው ይመረጣል።

ከዋዜማው በፊት ያሉት ቀናት

ቤተሰቦች ከበጎ ልብ ተነሥተው የሚፈጽሙት፣ ሕይወት እስከ ማሳጣት የሚደርስ አንድ ስሕተት አለ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረን ሰው «በዓሉን እንደ ሰው ይዋል» ብለው ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብለው በቤት ዘግተው መጠጡን በድንገት ያቋርጡበታል። በመጠጥ ጥገኛ የሆነ አካል መጠጡን ሲያጣ ከመጨረሻው ዋንጫ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና የልብ ምት መፍጠን ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ ጊዜና ቦታን መሳት፣ የሌለ ነገር ማየትና ብርቱ ትኩሳት የሚታዩበት፣ ካልታከመ ሊገድል የሚችል ሁኔታ ሊመጣ ይችላል። ስሌቱ ቀላልና አሳዛኝ ነው፤ ከዋዜማው ሁለት ቀን አስቀድሞ የተዘጋበት ሰው አደጋው የሚበረታበት የበዓሉ ዕለት ጤና ጣቢያው በጥቂት ሠራተኛ የሚሠራበት ቀን ነው። መለፍለፉና ባዶውን ማየቱም ብዙ ጊዜ እንደ ርኩስ መንፈስ ሥራ ስለሚቆጠር ወደ ሕክምና ሳይሆን ወደ ሌላ ይወሰዳል። ጠበሉ የቤተሰቡ እምነትና ምርጫ ነው፤ ሆኖም ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒትና የታያሚን ቫይታሚን ከጠበሉ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ሊቀርም አይገባም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነጥብ፣ መጠጥ ለማቋረጥ የሚመረጠው ጊዜ በዓል አለመሆኑ ነው። ውሳኔው ከበዓሉ ሳምንታት ቀድሞ፣ ሐኪም አማክሮ ቢደረግ ይሻላል። ዐቢይ ጾምን ብዙዎች ከመጠጥ የሚከለከሉበት ጊዜ ማድረጋቸው የታወቀ ነው፤ ሱሱ የበረታበት ሰው ግን በጾሙ የመጀመሪያ ቀን በድንገት ካቆመ ይኸው አደጋ ሊገጥመው እንደሚችል መታወቅ አለበት። ጾሙን ሳይጠጣ የፈጸመውም በፋሲካ ዕለት የቀድሞውን ያህል ሊጠጣ ቢሞክር አካሉ ያን መጠን መሸከም ስላቋረጠ ይጎዳል።

የቤተሰቡ አኳኋን

በብሪታንያ ጂም ኦርፎርድና ባልደረቦቹ ለረጅም ዓመታት ባካሄዱት ጥናት ሱስ ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ ዘመዶች በሕመም ያልተያዙ፣ ነገር ግን ከአቅም በላይ በሆነ ጭንቀት ውስጥ ያሉ ተራ ሰዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ አመለካከት ቀላል ቢመስልም፣ የጠጪ ሚስት ራሷ ጥፋተኛ ናት ከሚለው አሮጌ ሐሳብ ጋር የሚቃረን ነበር። ኦርፎርድ የዘመዶቹን አኳኋን በሦስት ያያል፤ ተጋፍጦ ለመለወጥ መሞከር፣ ችሎ መኖርና ራቅ ብሎ የራስን ሕይወት መያዝ። ከሦስቱ አንዱ ለሁሉም ትክክል ነው አይልም።

በኢትዮጵያ በዓል ሦስቱም በአንድ ቤት በአንድ ቀን ይታያሉ። እናት ትችላለች፤ ታላቅ ልጅ ይጋፈጣል፤ ታናሿ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ችግሩ ሦስቱ ተመካክረው ባለመሆኑ እርስ በርስ መጠላለፋቸው ነው። ልጁ የደበቀውን ጠርሙስ እናት ጠብ ፈርታ ታወጣለች። ከዎሊንና ቤኔት ግኝት ጋር አብሮ ሲታይ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «እንዴት እናስቆመው?» የሚለው ላይሆን ይችላል። «ሰክሮ ቢመጣ ዳቦው በስንት ሰዓት ይቆረሳል? ማንስ ይቆርሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ዳቦ መቁረስ የአባወራው ክብር በሆነበት ቤት ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አባት እስኪነቃ መጠበቅ ሥርዓቱን በመጠጡ ማስዋጥ ነው፤ ያለ እርሱ መቁረስም ማዋረድ ሊመስል ይችላል። አንዳንድ ቤቶች አያት ወይም ታላቅ አጎት እንዲቆርስ በማድረግ ይህን ያልፉታል፤ ለአባትየውም ድርሻው ተሸፍኖ ይቀመጥለታል። ክብሩ አልተነሣም፤ ልጆቹም አልተራቡም። ከሰከረ ሰው ጋር በዚያው ሰዓት አለመከራከርና ንግግሩን ለማግስቱ ማሳደር ለሁሉም አኳኋን የሚስማማ ይመስላል።

ስለ ጠመቃው ደግሞ ሊዘለል የማይችል ነገር አለ። በብዙ ከተሞችና ገጠሮች ጠላና አረቄ የሴቶች መተዳደሪያ ነው፤ የበዓል ሰሞን ገበያም የልጆች ልብስና የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈንበት ነው። ባሏ የሚጠጣባት ሴት ራሷ ጠማቂ ስትሆን «ከቤትሽ መጠጥ አውጪ» የሚላት አማካሪ «እንጀራሽን አውጪ» ማለቱ ነው። ከጎረቤት ጠማቂ ጋር ተስማምታ ጋኑን በዚያ ቤት ማስቀመጥ ወይም ሽያጩን ከመኖሪያው መለየት ሊሞከር የሚችል ነው፤ የእቁብ ባልንጀሮቿም ሊያግዟት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ዝርዝር ሳይታሰብ የሚሰጥ ምክር ግን በሴትዮዋ ላይ ሌላ ሸክም ይሆንባታል።

ልጆች የሚወስዱት

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ተከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥም እንዲሁ። ሕጉ የበዓል ሰሞን የቴሌቪዥን መስኮትን ገጽታ ለውጦታል። በቤት ውስጥ ግን ሌላ ሥርዓት አለ። ሕፃኑ ከአያቱ ዋንጫ ጠላ ይጎነጫል፤ ፊቱን ሲያጨፈግግ ይሳቃል፤ ትልቅ እየሆነ መሄዱም በዚያ ይለካል። በሱስ በተጎዳ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ሳቅ ሊቀር የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ነው። አዋጅ ሊያስቀረው አይችልም፤ አያቲቱ ትችላለች።

ለልጆቹ ከዚያ በላይ የሚሻው የድርሻ መኖር ነው። ቄጤማውን የሚጎዘጉዝ፣ ቡናው ሲፈላ ፈንዲሻውን የሚያድል፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ወደ አያት ቤት የሚላክ ልጅ በዓሉ በአባቱ ሁኔታ ላይ ብቻ እንዳልተንጠለጠለ በእጁ ያውቀዋል። በመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚሄዱ ቤተሰቦች ለዚህ የተለየ ዕድል አላቸው፤ በአባት ዘመዶች ግቢ ውስጥ ብዙ አጎቶች፣ ብዙ አክስቶች ስላሉ የአንዱ መስከር የበዓሉን ምሰሶ አይነቅልም። በአንጻሩ በየቤቱ እየዞሩ መጠየቁ በየደጃፉ አንድ ዋንጫ ስለሚጨምር፣ ከሱስ ለሚያገግመው ሰው ጉዞው ከከተማው በዓል ይልቅ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። ለልጁ የሚጠቅመው ለአባቱ የሚያሠጋበት ሁኔታ እንዲህ ያለ ነው፤ ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ ውሳኔው ዓመት በዓመት የሚከለስ ነው፤ አንዱን ዓመት እናት ከልጆቿ ጋር ትሄዳለች፤ አባትም ከማይጠጣ ወንድሙ ጋር ከተማ ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በአገር ውስጥ ምርምር ሊያካሂድ የሚያስብ ተማሪ መነሻ የሚሆነው የዎሊንና የቤኔት መጠይቅ በቀጥታ ተተርጉሞ ቢቀርብ የሚለካው ሌላ ነገር ይሆናል። «በበዓሉ ዕለት መጠጥ ነበርን?» የሚለው ጥያቄ በደጋማው ኢትዮጵያ ሁሉንም ቤት «አዎን» ያሰኛል፤ የተዋጠውን ሥርዓት ከቆመው አይለይም። የሚለየው «ዳቦው በታሰበለት ሰዓት ተቆረሰን? የሚጠበቁት እንግዶች መጡን? ልጆቹ ወደ አያታቸው ተላኩን? ሰውየው ሲሰክር ከእነዚህ የትኛው ቀረ?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ለእናት ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም፣ አድገው ላገቡትም፣ ለየብቻቸው ሊቀርብ ይገባል፤ እናት ሥርዓቱን አቁሜአለሁ በምትልበት ቤት ልጅ ሌላ ታሪክ ሊያስታውስ ይችላልና። ቃለ መጠይቁም በበዓል ማግስት ባይደረግ ይመረጣል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ፣ ቅያሜው ሲበርድና ጋኑ ታጥቦ በግድግዳው ጥግ ሲደፋ፣ ሰዎች የሆነውን በተሻለ እርጋታ ይናገራሉ።